የእማዬ ስንኝ

ኅዳር 6

ለወንድሜ ለሻለቃ፣

ጤናህንም፣ እንቅልፍህንም፣ ያንን የአቧራ ሳልህንም አንድ ላይ ጠይቃኛለች በልልኝ። ዛሬ በየተራ ለመጠየቅ እጄ አልታዘዝ ብሎኛል። ደብዳቤህ ከደረሰኝ ሰነባብቷል፤ መልሱን ያዘገየሁት ግን ሥራ በዝቶብኝ አይደለም። እየጀመርኩ ስቀድ ነው የከረምኩት።

“እማዬ ዘንድሮስ ቴአትራችሁን ልታይ መጣች ወይስ እንደ ልማዷ ራሷን አመማት?” ብለህ ቀልደሃል። መጣች። ምነው ባልመጣች ልበል፣ እሰይ መጣች ልበል፣ እስካሁን አልቆረጥኩም።

መጀመሪያ የሥራዬን ነገር ልንገርህ፤ “ሰው ሲጠይቀኝ ምን እንደምትሠሪ አላውቅም” ትለኝ የለ? ቴአትር ቤታችን ከራሱ ተዋንያን ሌላ፣ በከተማው ዙሪያ ካሉ የሰፈር የጥበብ ቡድኖች ጋር ዓመት ከዓመት አብሮ ይሠራል። ለአንድ ሰሞን ጠርቶ፣ አጨብጭቦ መሸኘት አይደለም። ድርሰቱም ልምምዱም ጠቡም አብሮ ነው። መስማት የተሳናቸው ተዋንያን አሉን፤ መሪያቸውን ሁላችንም “መዳፍ” እንለዋለን፣ እሱም ስሙን ይወደዋል። ጡብ ፋብሪካው ሰፈር የሚኖሩት ሴቶች ደግሞ ዘፋኞች ናቸው። ታውቃቸዋለህ፣ ከተማው “ማዶዎች” የሚላቸው፣ ከወንዙ ማዶ የመጡት። የእነሱን መሪ “እትዬ አዝማች” እንላታለን፤ ዘፈኑንም ሴቶቹንም የምታዘምት እሷ ስለሆነች። እኔ የሁሉም አስተባባሪ ነኝ። በሌላ አነጋገር፣ ሲስማሙ የሚረሱኝ፣ ሲጣሉ የሚጠሩኝ ሰው ነኝ።

እማዬ የሁሉንም ልብስ ስትሰፋ ኖራለች፤ ልክ እኔ እወስዳለሁ፣ ቤት ሆና ትሰፋለች። የማዶ ሴቶች በሚዘፍኑበት ቀን ግን አዳራሹን ረግጣ አታውቅም። ዘንድሮ መዳፍ ራሱ ቤት ድረስ መጥቶ በሁለት እጁ ለመናት፤ እሱን እምቢ ማለት ደግሞ አትችልም። ሴቶቹ ከእሱ ቡድን ጋር እንዲገቡ የተወሰነው በመጨረሻው ሳምንት ነበር። ልነግራት አላሰብኩም። ምን ብዬ ልንገራት?

አንድ ዘፈን አላቸው፤ በአገራቸው ሁለት ልጃገረዶች ገመድ እየዘለሉ የሚቀባበሉት። እትዬ አዝማች አንድ ስንኝ ትጥላለች፣ ከዚያ የሌላ ስንኝ ያህል ዝም ይባላል፣ ከዚያ ሴቶቹ ሁሉ ያነሡታል። ያንን ዝምታ ስንቱ አዘጋጅ በዋሽንት ሊሞላው ሞከረ! “ባለቤት አለው፣ አትንኩት” ትላለች፣ ሌላ አትጨምርም።

እሑድ ከሰዓት በኋላ ነው። እኔ ከመጋረጃ ጀርባ ነኝ። ዝምታው ደረሰ። ከአዳራሹ መሐል አንድ ድምፅ ተነሣ፤ ቀጭን፣ የልጅ ድምፅ። “ማናት ያበደችው?” አለ መብራት የሚይዘው ልጃችን። አጮልቄ አየሁ። እማዬ ናት። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ዓይኗን ጨፍና ቆማለች። በማዶ ቋንቋ ትዘፍናለች። የኛ እናት፣ ሻለቃ። “የከተማ ልጅ ነኝ፣ ዘመድ የለኝም” ያለችን እናት። ስንኙን ከላይ እስከ ታች አወረደችው።

ሴቶቹ መቀበል ነበረባቸው፤ አንዷም አፏን አልከፈተችም። መዳፍ በኋላ በእጁ የነገረኝን ልጻፍልህ፦ “እኔ ምንም አልሰማሁም። ግን አንድ ሙሉ አዳራሽ አንገቱን ሲያዞር አየሁ፤ ጣሪያው የወደቀ መሰለኝ።”

እትዬ አዝማች ከመድረኩ ወረደች። እማዬ ፊት ቆማ አንድ ነገር ጠየቀቻት። እማዬ መለሰችላት። ሴትዮዋ የሰማችውን ካጣጣመች በኋላ ፊቷን አዙራ በተመልካቹ በር ወጥታ ሄደች፤ እማዬ የሰፋችላትን ልብስ እንደለበሰች። መጋረጃ አወረድን።

ከዚህ በላይ የማውቀው የለም። እማዬ ደህና ናት። አታስብ።

ፌንጣህ


ኅዳር 19

ፌንጣ፣

ቀልድ አልመሰለኝም። ቀልድሽን አውቀዋለሁ፤ ይሄን ያህል አያምርም።

ደብዳቤሽን የፖስታው መኪና ካመጣልኝ ቦታ ሳልነቃነቅ፣ ፀሐይ ላይ ቆሜ ጨረስኩት። ከዚያ ክሊኒክ ገባሁ፤ የመጀመሪያው በሽተኛዬ ጣቱን ድንጋይ የጨፈለቀው ማዶ ነበር። እዚህ ማዕድን ማውጫ ከሚቆፍሩት ብዙዎቹ ማዶዎች ናቸው። ስለዚህ አጠገቤ ሁልጊዜ አስተርጓሚ አለ፤ የድርጅቱ ሽማግሌ ዘበኛ ነው። አስቢው እስቲ። በእናቴ ቋንቋ “የት ጋ ነው የሚያምህ?” ለማለት ሰው ቀጥረውልኛል።

ስትሰፋ መርፌ ሲወጋት የምትላት ቃል ትዝ ትልሻለች? “ኦሙኔ!” የምትለው። እኔና አንቺ ሰይጣንን የምትሰድብበት ምስጢራዊ ስድብ መስሎን፣ ስንጣላ እንወራወርበት አልነበር? ፋሻውን እየጠቀለልኩ እንደ ዋዛ ሽማግሌውን ጠየቅኩት።

“‘ኦሙኔ’ ምን ማለት ነው?”

“ማነው ያለህ?”

“እናቴ። መርፌ ሲወጋት።”

ፈገግ ብሎ አየኝና፣ “ታዲያ ምን ትጠይቀኛለህ? ‘እናቴን!’ ማለት ነው። ሲያመን ነው የምንለው” አለኝ።

ፋሻው ከእጄ አመለጠ፤ መሬት ለመሬት እየተፈታ ሄደ። በሽተኛው ሳቀ። እኔ ግን ወጥቼ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ተቀመጥኩ።

በዚህ ዕድሜዬ የእናቴን ልጅነት ከዘበኛ እሰማለሁ? ትምህርት ቤት “የእናትህ አገር የት ነው?” ሲሉኝ “እዚሁ” እያልኩ ያደግኩት ሰውዬ? አንድ ጊዜ እንኳ፣ አንድ ክፉ ቀን እንኳ፣ “ልጆቼ፣ ነገሩ እንዲህ ነው” ማለት ምን ይከብዳል? ተናድጃለሁ። ብናደድ ይፈረድብኛል? ይህን ስጽፍ እንኳ እጄ የሰው እጅ ይመስለኛል።

አባዬ ያውቅ ነበር? ይህን መልሽልኝ፤ ሌላው ይቆየኝ። ያቺ ሴትዮስ ምኗ ናት?

አንድ ነገር ደግሞ። “እማዬ ደህና ናት” ብለሽ ዘግተሽዋል። አንቺ ስታብራሪ ገጽ የማይበቃሽ ሰው፣ በሦስት ቃል ስትጨርሺ እኔ እተኛለሁ?

ሻለቃ


ታኅሣሥ 2

ወንድሜ፣

ያዝከኝ። ደህና አይደለችም። በዚያ ላይ ሩቅ ነህ፣ ምን ታደርግበታለህ ብዬ ነው የደበቅኩህ። ይቅር በለኝ።

ከዚያ እሑድ ጀምሮ እማዬ አትናገርም። ተኮሳትራ ወይም ታማ አይደለም። ትነሣለች፣ ትለብሳለች፣ የስፌት መኪናዋ ላይ ተቀምጣ ትሰፋለች። ሳናግራት ቀና ብላ ታየኛለች፤ ከንፈሯ ይላወስና ይተወዋል። በየትኛው ቋንቋ እንደምትጀምር የጠፋባት ይመስላል። ሐኪም አየቻት፣ “ድንጋጤ ነው፣ ጊዜ ስጧት” አለች። ድንጋጤስ እኔም ይዞኛል፤ እኔ ግን እንደምታውቀኝ ስደነግጥ ወሬ ይብስብኛል።

የአባዬን ነገር ጠየቅኳት። “ያውቅ ነበር?” አልኳት። ራሷን ነቀነቀች። አዎ ማለቷ ነው። መልሳ መርፌዋ ላይ አቀረቀረች። አባዬ፣ በስካሩ ቀን እንኳ የጎረቤትን ሐሜት መያዝ የማይችለው ሰውዬ፣ ይህን ይዞ መቃብር ወረደ። በዚህስ አታደንቀውም?

ሴትዮዋ እህቷ ናት። ታናሿ። አክስታችን ናት፣ ሻለቃ። ዓመት ከዓመት አብሬያት የሠራሁ፣ በየልምምዱ የተጨቃጨቅኳት፣ ወገቧን በሜትር የለካሁ ሰው። ከሴቶቹ አንዷ ናት የነገረችኝ። ዝምታውን የምትተወው ለታላቅ እህቷ ነበር፤ በልጅነታቸው ከቤት ለተወሰደችው። “ታዲያ ብታገኛት ለምን ጥላት ወጣች?” ብዬ ጠየቅኩ። ሴትየዋ አክስቴ ያለችውን እንዳለ ነገረችኝ፦ “እኔ ቦታ እየጠበቅኩላት፣ እሷ እዚሁ ከተማ ቁጭ ብላ ልብሴን ትሰፋልኝ ነበር?”

አንተስ መልስ አለህ?

አሁን ደግሞ የባሰውን ስማ። የዚያ እሑድ በማግሥቱ ሥራ አስኪያጃችን ቢሮው ጠራኝ። ክፉ ሰው አይደለም፣ ታውቀዋለህ፤ ይህን የአጋር ቡድኖች ሥራ ከእኔ ጋር ከዜሮ የጀመረው እሱ ነው። ዓይኑ እየበራ ከወንበሩ ተነሣ።

“በሕይወቴ እንዲህ ያለ ቅጽበት መድረክ ላይ አይቼ አላውቅም” አለኝ። “ሕዝቡ ሲያለቅስ አየሽው?”

“አየሁት።”

“እንግዲህ አስቢው። እናትሽ እዚያው ቦታዋ ላይ ትቀመጣለች። ዝምታው ሲደርስ ትነሣለች። በየትርኢቱ!”

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ፣ “እናቴ አፏ ተዘግቷል እኮ” አልኩት። “እስክትድን ተዋናይት እናስቀምጣለን” አለኝ፤ እስኪያስበው ድረስ አፉ ቀደመው። ዞር ስል በሩ ላይ አክስታችን ቆማለች። ከበሯቸውን ልትወስድ መጥታ ነው። ሁሉን ሰምታለች።

አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለን ነበር። “እናንተ ቤት እስከዛሬ የተጠየቅነው ሁለት ነገር ነው” አለችው፤ “‘ስንት ሆናችሁ ትመጣላችሁ? ስንት ደቂቃ ትዘፍናላችሁ?’ እሱን መልሰን ጨርሰናል።” ከበሮዋን አንሥታ ሄደች። ሥራ አስኪያጁ እሷ የቆመችበትን ቦታ እያየ ቀረ።

ከሰዓት በኋላ መዳፍ ቡድኑን ሰብስቦ መጣ። “እነሱ ካልገቡ እኛም አንገባም” አለ በእጁ፤ እጁ ሲናደድ አየር ይቆርጣል። ከአጋር ቡድኖቻችን አንዱ የሆኑት የሰርከሱ ልጆችም ተከተሉት። አሁን በሩ ላይ “ትርኢቱ ተቋርጧል” የሚል ወረቀት አለ። ይህን ሁሉ ዓመት የተሠራ ሥራ በአንድ ስንኝ ፈረሰ፤ ያፈረሰው እናቴ ትሁን፣ ሥራ አስኪያጁ ይሁን፣ እኔ ልሁን፣ ለይቼ አላውቅም።

ምን ላድርግ?

ፌንጣ


ታኅሣሥ 15

እህቴ፣

አይ፣ አልመጣም። በውሃ መኪናው ሹፌር የላክሻት ብጣሽ ወረቀት ደርሳኛለች፤ ከደብዳቤሽም ቀድማ ነው የደረሰችው። ፈቃድ ጠይቅ፣ ና፣ አንተን ስታይ ትናገራለች ነው የምትይው። ብመጣስ? ፊቷ ቆሜ ምን ልበላት? ለብቻዋም ጻፍላት ብለሽኛል። ወረቀት አውጥቼ “ይድረስ ለውድ እናቴ” ብዬ ጀመርኩ፤ “እናቴ” የሚለው ቃል ላይ ስደርስ ቆምኩ። በየትኛው ቋንቋ? ሽማግሌው ዘበኛ ጽፎልኝ ልፈርምበት?

ትላንት ምሳ ቤት ምን እንደሆንኩ ልንገርሽና ልተውሽ። የቁፋሮው ኃላፊ የማዶዎችን አነጋገር እየቀዳ ቀልድ ያወራል። ያው የለመድነው ቀልድ ነው፣ ስንቴ የሰማሁት። ጠረጴዛው በሳቅ ፈረሰ። ሳቁ ሲያልቅ ሁሉም እኔን ያያሉ፤ ለካ ማንኪያዬን አስቀምጬ ሰውየውን አፍጥጬ እያየሁት ነው። “ምን ሆንክ?” አለኝ። “እናቴን ነው የምትቀዳው” ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ። “ሆዴን አሞኛል” አልኩት። ነርሱ ሆዱን አመመው ተባለ፣ ተሳቀብኝ፣ አለፈ።

ያን ጊዜ ነው ነገሩ ትንሽ የገባኝ። አንድ ምሳ ሰዓት እንኳ ልናገረው ያልቻልኩትን እሷ ዕድሜዋን ሙሉ ምን ብላ ትናገር? ይህን ማለቴ ግን ይቅር ብያታለሁ ማለት አይደለም። አልተባባልንም።

ሥራ አስኪያጃችሁን በተመለከተ፣ እኔ ብሆን በወንበሩ ነበር የምለው። ግን እንዳልሽው ከሆነ ራሱም ደንግጧል፤ የደነገጠ ሰው ይመከራል። አንቺ ደግሞ ሁሉን ያፈረስሽ አታስመስዪ፤ ትንሽ ሆነሽም ዝናብ ሲዘንብ ያዘነብሽ ይመስልሽ ነበር።

ትበላለች ወይ?

ወንድምሽ


ጥር 4

ሻለቃዬ፣

ትበላለች። ዛሬ ደግሞ ሳህኗን ጨርሳ “ጨው የለውም” አለችኝ። አዎ፣ “አለችኝ” ነው ያልኩት። መልሰህ እንዳታነበው፤ ልክ ነው።

እንዴት መሰለህ። ልብስ ክፍል ውስጥ ከወደቁት ልብሶች መሐል የአክስታችን የልምምድ ቀሚስ ተገኘ። ቤት ይዤው መጣሁና ሳልናገር ጠረጴዛው ላይ አኖርኩት። እማዬ አንሥታ አገላበጠችው። እጀታውን ለካች፣ ወገቡን ለካች። ከዚያ በጥፍሯ የጫፉን ስፌት እየጫረች፣ ልክ ትናንት ያቋረጠችውን ወሬ እንደምትቀጥል፣ “እግሯ እንደ አባታችን ረጅም ነው፤ አሳጥሬባታለሁ” አለች። ብንቀሳቀስ የምታቆም መሰለኝ።

የነገረችኝን በሷው አፍ እጽፍልሃለሁ፦

“ያን ዓመት ዝናብ እምቢ አለ። አንዲት የከተማ ነጋዴ ሴት ወንዙን ተሻግራ መጣችና ‘አንዷን ልጅ ስጡኝ፣ አሳድጋታለሁ፣ አስተምራታለሁ’ አለች። እናቴ ሁለታችንንም ስታይ ዋለች። ታላቅ ነሽ፣ ትችያለሽ ብላ እኔን ሰጠች። ነጋዴዋ አልዋሸችም፤ አሳደገችኝ። ቋንቋውን ግን ደጅ አስቀሪው አለችኝ። ስረሳና አንድ ቃል ስናገር አፌን በእጇ ትይዘው ነበር፤ መምታት እንኳ አይደለም፣ ትይዘዋለች። ጎልማሳ ስሆን ከአባትሽ ጋር አገሬን ፍለጋ ሄድን። ውሃ ነው ያገኘነው። ወንዙን ገድበውት ሰፈሩ ሐይቅ ሆኗል። ሰው ሁሉ ተበትኗል፣ ገሚሱ አልቋል አሉን። አባትሽ ‘እንጠይቅ፣ ጡብ ፋብሪካው ጋ የሰፈሩ አሉ፣ ስም ጠርተን እንጠይቅ’ ቢለኝ እምቢ አልኩት። ብጠይቅና ‘የሉም’ ቢሉኝስ? ካልጠየቅኩ ግን አሉ። ሲዘፍኑ ብሰማ እጠይቃለሁ፣ ብጠይቅ ይመልሱልኛል ብዬ ነው አዳራሽሽን የሸሸሁት። እኔ ከእናንተ ልደብቅ መች አስቤ? ከራሴ ነው የደበቅኩት።”

ይህን ብላ መቀሷን አነሣች። “በዚያ ቀን ‘የማን ልጅ ነሽ?’ ነው ያለችኝ” አለች። “‘የእናትሽ’ አልኳት።”

በማግሥቱ ቀሚሱን አርዝማ፣ ተኩሳ፣ አጣጥፋ “ተነሺ” አለችኝ። መዳፍ ካልሄድኩ ብሎ ተከተለን። ሴቶቹ የሚለማመዱት ድሮ ጡብ ይደርቅበት በነበረ ዳስ ውስጥ ነው። አክስታችን ስታየን ልምምዱን አላቋረጠችም። ሲጨርሱ ሴቶቹን በዓይኗ አስወጣች፣ እኔንም በጣቷ፤ እማዬ ቀረች፣ በሩ ተዘጋ።

ውጭ እኔና መዳፍ ጡብ ላይ ተቀምጠናል። መስኮቱ ወደ እሱ ነው፣ ጆሮው የኔ ነው። እኔ ጩኸት ስሰማ እሱ ያየውን በእጁ ይነግረኛል። “ረጅሟ ትከሻዋን መታቻት።” እኔ የምሰማውን እነግረዋለሁ፦ “አሁን የኛዋ ናት የምትጮኸው።” “አዎ፣ ጣቷን ቀስራለች።” አንድም ቃል አልገባንም፤ ለሁለታችንም እኩል ነው። ከዚያ ዝም አለ። ዝም ሲል መዳፍን ጨምድጄ ያዝኩት። ወደ መስኮቱ ተሳብ ብሎ አየ፣ ዞረ፣ እጁን ፊቱ ላይ አድርጎ አለቀሰ፤ ለመናገር እጁን ይፈልገዋል፣ ለማልቀስም ይፈልገዋል። በመጨረሻ በአንድ እጁ “ቀሚሱን እያለበሰቻት ነው” አለኝ።

አክስታችን ስትወጣ ዓይኗ ቀልቷል። “እናትሽ የምታወራው እንደ ሕፃን ነው” አለችኝ። “‘ውሃ አጠጪኝ’ ለማለት እንኳ የልጅ አነጋገር ነው የሚመጣላት። ከዚያ ወዲህ ያለውን ቃል ማን ያስተምራት?” ፈገግ ልትል ነበር፣ ከለከለችው። “አልታረቅኩም። ነገ ትምጣና ጠቡን እንጨርሰዋለን።”

ከዚያ ወዲህ በየቀኑ ትሄዳለች። በየቀኑ ይጣላሉ።

የቴአትር ቤቱን ነገር ደግሞ ልንገርህ። ሥራ አስኪያጁ ብቻውን፣ በእግሩ፣ ዳሱ ድረስ መጣ። ጡብ ላይ ተቀመጠ። “ያልኩት ነገር አስደንግጦኛል” አለ፤ “ከኔ አፍ መውጣቱን ማመን አቅቶኛል።” ሴቶቹ ሻይ ሰጡት፣ መልስ አልሰጡትም። በሦስተኛው ጉዞው አክስታችን ነገረችው፦ የሚቀጥለው ሥራ የሚጀመረው እዚሁ ዳስ ነው፤ እናንተ እንግዳ ናችሁ፣ እኛ ስንጠራችሁ ትመጣላችሁ፤ የትኛው ዘፈን መድረክ ይውጣ፣ የትኛው ቤት ይቅር የምንለው እኛ ነን። “እሺ” አለ። መዳፍ “እኛም እንዲሁ” ብሎ ጨመረበት፤ ሥራ አስኪያጁ በጭንቅ ሳቀ። በሩ ላይ የነበረውን ወረቀት እኔ ራሴ ገነጠልኩት።

አንተን በየቀኑ ትጠይቀኛለች። “ደብዳቤ አልጻፈም?” ትላለች። “ሥራ በዝቶበት ነው” እላታለሁ። እስከ መቼ ልዋሽልህ?

ፌንጣ


ጥር 21

ፌንጣዬ፣

አትዋሺልኝ፤ በቃ። ደግሞ ከሰው ብትሰሚ እውነት ነው። ትላንት ያለቀስኩት እኔ ነኝ፣ በቀን፣ በሰው ፊት፣ በድርጅቱ ቢሮ ውስጥ።

ደብዳቤሽን ካነበብኩ በኋላ ሦስት ቀን አኩርፌ ሰነበትኩ፤ ማንን እንዳኮረፍኩ ግን ጠፋብኝ። እናታችንን የሰጠቻትን እናት ልቀየም? በድርቅ ዓመት? ነጋዴዋን? አባዬን? ሁሉንም ስደርስባቸው ከእጄ ያመልጣሉ።

ትላንት የቢሮው ጸሐፊ እየሮጠ ክሊኒክ መጣ፤ “ስልክ፣ ስልክ፣ መስመሩ ሳይቆረጥ!” እየሮጥኩ ጓንቴን እንኳ አላወለቅኩም። መስመሩ ይንሿሿል። “ሃሎ” አልኩ። ትንፋሿን ሰማሁ። ትንፋሽ ይታወቃል ለካ።

“እማዬ?”

መናገር ጀመረች። በዚያ ቋንቋ ነው የጀመረችው። መጀመሪያ ቀስ እያለች፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ግድግዳ እንደሚዳብስ ሰው፤ እየቆየች ፈጠነች። ድምፅዋ የማውቀው ድምፅ አይደለም፤ ቀጥኗል፣ ይዘላል። ከበስተኋላ አንዲት ሴት ስታርማት ይሰማኛል፤ አክስቴ መሆን አለባት። እሷ ታርማለች፣ እማዬ ትቆጣለች፣ ትቀጥላለች። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም። እንዳታቆም ብቻ ፈርቼ “እሺ … እሺ እማዬ … እሺ” እላለሁ። ጸሐፊው ወረቀቱን ትቶ ያየኛል። ሽማግሌው ዘበኛ በር ላይ ነበር፤ ላስጠጋውና አድምጠህ ንገረኝ ልለው እችል ነበር። አላስጠጋሁትም። ይሄንን ሰው እንዲተረጉምልኝ አልፈለግኩም።

ስትጨርስ ረጅም ትንፋሽ ወሰደች። ከዚያ በለመድነው አፏ፣ “ገባህ?” አለችኝ።

“አልገባኝም” አልኳት። መዋሸት አልቻልኩም።

ሳቀች። ስትስቅ ከሰማኋት ስንት ጊዜዬ! “አይዞህ፣ ገና ነህ” አለችኝ፤ መቆም የጀመረ ሕፃን ሲወድቅ እንደሚባለው። ከዚያ መስመሩ ተቆረጠ።

ፈቃድ ጠይቄያለሁ፣ በመጋቢት መጀመሪያ እመጣለሁ። ለአክስቴም ንገሪያት፤ የተጣሉትን ጥል ለኔም ትንሽ ያስተርፉልኝ።

ስልኩን እንደያዝኩ ቆሜ ቀርቼ ነበር። ጸሐፊው ተነሥቶ ከእጄ ወሰደውና ቦታው መለሰው። “ማን ነበረች?” አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

“እናቴ” አልኩት።

“ደህና ነች? ምን አለችህ?”

“እኔ እንጃ” አልኩት።

ሻለቃ